«ትንሽ ታገሺ» ስድስት ወር ሲሞላው

ደሞዝ የተያዘበት ሰው ከጓደኛም ከቤተሰብም የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ትንሽ ጠብቅ፣ ይከፍልሃል።» እኔ ግን በዚህ ምክር የተበላ ደሞዝ ብዙ ነው ባይ ነኝ።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደሞዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ልብ በሉ፣ እያንዳንዱ ወር ለብቻው ነው የሚቆጠረው። መስከረም 30 መከፈል የነበረበት ደሞዝ መጋቢት ሲያልቅ ያበቃለታል፤ የጥቅምቱ ደግሞ ሚያዝያ ሲያልቅ።

ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ የነበረች ጓደኛዬ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሳይከፈላት ሥራውን ለቀቀች። በደወለች ቁጥር «አንቺ ደግሞ፣ የት እሄድብሻለሁ? ትንሽ ታገሺ» ይላታል ባለቤቱ። ታገሠች። ክስ የመሠረተችው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። የካፌው ጠበቃ ሠርታለች አልሠራችም ብሎ እንኳ አልተከራከረም፤ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ብሎ ይርጋን አነሣ። የሁለቱ ወር ደሞዝ በዚያው ቀለጠ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ብቻ ቀረላት።

ብዙዎች የሚፈሩት ግን ሌላ ነገር ነው። «ውል አልፈረምኩም እኮ!» ይላሉ። በቃል የተደረገ የሥራ ውልም ውል ነው፤ አሠሪው በጽሑፍ አለማድረጉ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። አብረዋችሁ የሠሩ ሰዎች፣ ያለፉት ወራት ደሞዝ በባንክ የገባበት ደረሰኝ፣ የፈረቃ ፕሮግራም የሚለጠፍበት የቴሌግራም ግሩፕ ማስረጃ ይሆናሉ። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያም አይጠየቅም። ጉዳዩ በ60 ቀን ይወሰን ይላል ሕጉ፤ የቀጠሮውን ነገር ፍርድ ቤት የተመላለሰ ያውቀዋል።

ሥራ ለቃችሁ ከሆነ ደግሞ ሒሳባችሁ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል ነበረበት። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ፣ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደሞዝ ጨምሮ እንዲከፍል ሊያዝዝ ይችላል። ይህንን በክሳችሁ ላይ ጠይቁ፤ ያልጠየቃችሁትን ማንም አይሰጣችሁም።

አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ካመነ የይርጋው ቆጠራ ይቋረጣል። በስልክ የተባለን ነገር ግን ነገ «አላልኩም» ቢላችሁ ማን ይመሰክራል? ስለዚህ ከመደወል ጻፉ። «የመስከረምና የጥቅምት ደሞዜን፣ ይሄን ያህል ብር፣ መቼ ነው የምትሰጠኝ?» ብላችሁ ወሩንም ብሩንም አስገቡበት። «እሺ፣ ለፋሲካ» ብሎ ከመለሰ ስክሪንሾት አንሡና ሌላ ቦታም አስቀምጡት፤ ስልክ ይጠፋል።