6ሲ33ሲ፦ ከጦር መሣሪያ ወደ ሙዚቃ ማጉያ

ጳጉሜን 1 ቀን 1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 1976) ሶቪየታዊው አብራሪ ቪክቶር ቤሌንኮ ሚግ-25 ተዋጊ ጄቱን ይዞ ኮበለለና ጃፓን ውስጥ ሃኮዳቴ አረፈ። አሜሪካውያን ባለሙያዎች ጄቱን ፈታተው ሲመረምሩ፣ ትራንዚስተር ይኖራል ባሉበት ቦታ ብዙ ቫኪዩም ቲዩብ አገኙ። ኋላ ቀርነት ነው ብለው የሳቁም ነበሩ። ነገር ግን ቲዩብ ከፍተኛ ሙቀትንም ሆነ ከኑክሌር ፍንዳታ የሚነሳውን የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ከትራንዚስተር በተሻለ ይቋቋማል።

ከሶቪየት የጦር ቲዩቦች ውስጥ ዛሬ በሙዚቃ አፍቃሪዎች ዘንድ ስሙ የገነነው 6ሲ33ሲ ነው። ሲፈጠር ድምፅ እንዲያጎላ አልታሰበም። ሥራው መሣሪያው የሚስበው የኤሌክትሪክ መጠን ከፍ ዝቅ ሲል ቮልቴጁ እንዳይዋዥቅ መጠበቅ ነበር። አናቱ ላይ ቀንድ የመሰሉ የመስታወት ጉብታዎች ስላሉት ሩሲያውያን «ትንሹ ሰይጣን» ይሉታል።

አሠራሩ እንደማንኛውም ትራዮድ፣ ማለትም ባለ ሦስት ክፍል ቲዩብ፣ ነው። አየር በተመጠጠበት መስታወት ውስጥ ካቶዱ ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል፤ አኖዱ ይስበዋል፤ በመካከላቸው ያለው ግሪድ የተባለ የሽቦ መረብ ደግሞ እንደ ቧንቧ መክፈቻ ፍሰቱን ያበዛል ወይም ይቀንሳል። ግሪዱ ላይ የሚደርሰው ደካማ የሙዚቃ ምልክት በዚህ መንገድ በአኖዱ በኩል ብርቱ ሆኖ ይወጣል።

6ሲ33ሲን የሚለየው ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው የውስጥ ተቃውሞ አነስተኛነት ነው፤ 100 ኦም አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠራውና እስካሁን የሚወደደው 300ቢ የተባለው ቲዩብ 700 ኦም ገደማ አለው። ብዙ ስፒከሮች ከ4 እስከ 8 ኦም ስለሆኑ፣ በቲዩቡና በስፒከሩ መካከል ትራንስፎርመር ይገባል። የቲዩቡ ተቃውሞ ባነሰ ቁጥር የትራንስፎርመሩ ሸክም ይቀላል። አንዳንድ ነዳፊዎች ብዙ 6ሲ33ሲ ጎን ለጎን አገናኝተው ትራንስፎርመሩን ጭራሽ ያስቀራሉ። ለጦር መሣሪያ ሲባል የተሰጠው ጠባይ ለስፒከርም የተመቸ ሆነ ማለት ነው።

ላም ኢንዱስትሪስ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኤምኤል2 ማጉያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኃይሉ 18 ዋት ብቻ ነው። በውስጡ አንዱ 6ሲ33ሲ ድምፁን ያጎላል፤ ሌላው የቀድሞ ሥራውን፣ ቮልቴጅ ማረጋጋቱን፣ ይሠራል።

የ6ሲ33ሲ ችግር ግን ሙቀቱ ነው። ካቶዱን ለማጋል ብቻ 12.6 ቮልት በ3.3 አምፔር፣ ማለትም 42 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ማጉያው ተከፍቶ እስኪረጋጋም ጊዜ ይፈልጋል። ጥንድ ሆነው በሚሠሩበት ማጉያ ውስጥ ደግሞ ተቀራራቢ ልኬት ያላቸው መመረጥ አለባቸው። ስለዚህ አዋቂ ገዢ በሚግ ወሬ አይማረክም፤ ቲዩቡ በመለኪያ ተፈትሾ የተሰጠውን ቁጥር አይቶ ይገዛል።