ያውቁ ኖሯል? በባሕር ላይ «ሜይ አይ» አይባልም

የእንግሊዝኛ ተማሪ ፈቃድ ለመጠየቅ ቀድሞ የሚለምደው «ሜይ አይ» ማለትን ነው። ዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያጸደቀው የመርከበኞች መነጋገሪያ ግን «ሜይ»፣ «ካን»፣ «ሹድ» እና መሰሎቻቸው በሬዲዮ እንዳይነገሩ ይመክራል። ደግሞም ትክክል ነው። «ዩ ሜይ ኢንተር» ያለው የወደብ ሠራተኛ «ግባ፣ ተፈቅዶልሃል» ማለቱ ነው ወይስ «ትገባ ይሆናል»? ግዙፍ መርከብ ጠባብ መተላለፊያ አፍ ላይ ቆሞ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ አደጋ ነው። ስለዚህ ካፒቴኑ በቅድሚያ «ክዌስችን» ብሎ ጥያቄ መሆኑን ያሳውቃል፤ ከዚያ «ለመግባት ፈቃድ አለኝ ወይ?» ይላል። መላሹም «አንሰር» ብሎ ይጀምራል። እንዲህ ያሉት ጠቋሚ ቃላት 8 ሲሆኑ፣ ማስጠንቀቂያና ትእዛዝም የየራሳቸው አላቸው። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን «ሜይ አይ» ዛሬም ጨዋ አጠያየቅ ነው።