በሽታው «በአይሮፕላን መጣ» ስለ መባሉ

በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን እኛ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ደብተራችንን በብብታችን ሸጉጠን ወደየቤታችን ስንመለስ በደጎሎ ገበያ የሚወራው ወሬ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም «በሽታው በአይሮፕላን መጣ» የሚል ነው። የጃማን ሜዳ ለማያውቅ አንባቢ እንንገረውና፥ በዚያ አገር ሰማይ ላይ አይሮፕላን ማለት ከፍ ብሎ የሚታይ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር ነው። መካነ ሰላም በዓለም የአየር ማረፊያዎች መዝገብ ላይ «ኤም ኬ ኤስ» የሚል የሦስት ፊደል መጠሪያ አላት፤ ነገር ግን የእኛ ሰው አይሮፕላን ለመሳፈር ወይ ኮምቦልቻ ወይ አዲስ አበባ ድረስ በመኪና መሄድ አለበት።

ሆኖም አይሮፕላን ለእኛ ባዕድ ነው ለማለት አይቻልም። ልጁን ወደ ዓረብ አገር ያልሸኘ ቤተሰብ በመንደራችን ጥቂት ነው። በዚያው ዓመት ክረምት አንዲት የጎረቤታችን ልጅ ከዓረብ አገር ተመለሰች። አዲስ አበባ ላይ በለይቶ ማቆያ የታዘዘላትን ቀን ጨርሳ፥ ተመርምራ፥ ነፃ መሆኗን የሚገልጽ ወረቀት ይዛ ነው የመጣችው። እናቷ ቄጤማ ጎዝጉዘው ቡና አፈሉ፤ ጎረቤት ተጠራ፤ የመጣ ግን አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ብቻ እስከ በሩ ድረስ መጥተው፥ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ ልጄ። እኔስ እገባ ነበር፤ የአይሮፕላኑ አየር ግን በልብስ ላይ ይቀራል ይላሉ» ብለው ተመለሱ። እኛስ? እኛም በዚያ ሳምንት ውሃ ስንወርድ በደጃቸው ማለፉን ትተን በጓሮ ዞርን።

ዛሬ ከመካከላችን አንዳንዱ ለትምህርት፥ አንዳንዱ የእኅቱን ፈለግ ተከትሎ ለሥራ፥ በአይሮፕላን ለመሄድ ወረቀቱን እያዘጋጀ ነው። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ወሬ ምኑ እውነት ምኑ ሐሰት እንደ ነበረ መርምሮ ማወቁ ለሚሄደውም ለሚቀበለውም የሚበጅ መሰለን።

በመጀመሪያ፥ ወሬው እውነት የነበረበትን እንመን። በኢትዮጵያ በሽታው የተገኘበት የመጀመሪያው ሰው የ48 ዓመት ጃፓናዊ ሲሆን፥ የካቲት 25 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቡርኪና ፋሶ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባ መንገደኛ ነበር። መታመሙ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን ነው፤ ማለት ከገባ ዘጠኝ ቀን በኋላ። በቦሌ የመንገደኛን ሙቀት መለካት የተጀመረው ከዚያ በፊት በጥር ወር ነበር። ነገር ግን የሙቀት መለኪያ የሚይዘው ያተኮሰውን ሰው ብቻ ነው። ቫይረሱ በሰው ገላ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ብዙውን ጊዜ አምስት ቀን ያህል፥ አንዳንዴም እስከ ዐሥራ አራት ቀን ይቆያል። ከየትኛውም የዓለም ዳርቻ ተነሥቶ ቦሌ ለመድረስ ግን አንድ ቀን ወይም ከዚያ ጥቂት የበለጠ ጊዜ ይበቃል። በድሮው ዘመን በመርከብ የተሳፈረ በሽተኛ ወደብ ሳይደርስ ሕመሙ በመንገድ ይገለጥበት ነበር። የአሁኑ መንገደኛ ሕመሙ ሳይገለጥ ራት በልቶ፥ ተኝቶ፥ አገር ቤት ይገባል።

ይህ ማለት ወረርሽኝ ያለ አይሮፕላን አይጓዝም ማለት አይደለም። አያቶቻችን «የኅዳር በሽታ» የሚሉትን ሁላችንም እናውቃለን፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናጤሰው በእርሱ መታሰቢያ ነው። ያ በሽታ በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ሲሆን፥ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ ጥሎ ነበር። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ያረፈው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የኅዳር በሽታ አይሮፕላንን ሊጠብቅ አላስፈለገውም፤ መርከቡ፥ ባቡሩና የሲራራ ነጋዴው በቂ ነበሩ። አይሮፕላን ለበሽታ የጨመረለት ነገር ፍጥነት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንግባ፤ «የአይሮፕላኑ አየር» ወደ ተባለው። ብዙ ሰው የሚያስበው ሦስት መቶ ሰው በተዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ ተከቶ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው እየሳበ እስከ መጨረሻው ይሄዳል ብሎ ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አይሮፕላኑ በሚበርበት ከፍታ ውጭ ያለው አየር ከዜሮ በታች ሃምሳ ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘና ለመተንፈስ የማይበቃ ስስ ነው። ይህ አየር በሞተሩ መጭመቂያ ውስጥ ገብቶ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ እጅግ ይሞቃል፤ ከዚያ ቀዝቅዞ ወደ መንገደኛው ክፍል ይለቀቃል። (አየር መንገዳችን በ2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ በመጀመሪያ የተረከበው ድሪምላይነር ግን አየሩን የሚስበው ከሞተሩ ሳይሆን ለዚሁ በተሠራ የኤሌክትሪክ መጭመቂያ ነው።) መንገደኛው ከሚተነፍሰው አየር ግማሽ ያህሉ በዚህ መንገድ ከውጭ የገባ አዲስ አየር ነው። የቀረው ግማሽ ከክፍሉ ወጥቶ በማጣሪያ አልፎ የሚመለስ ነው። በክፍሉ ያለው አየር በጠቅላላው በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ አንድ ጊዜ ይለወጣል፤ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ጊዜ ማለት ነው። የመማሪያ ክፍላችን አየር በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ የሚያውቅ በሩ አጠገብ የሚቀመጥ ተማሪ ይንገረን።

ማጣሪያው «ሄፓ» ይባላል። የአንድ ሚሊሜትር ሺሕኛ ክፍል አንድ ማይክሮን ነው። ሄፓ 0.3 ማይክሮን የሚያህለውን ብናኝ ከመቶው 99.97 እጁን ያስቀራል። እዚህ ላይ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ያረሙንን ስሕተት እናካፍል፤ እኛ ማጣሪያውን እንደ ወንፊት አድርገን አስበን፥ ቫይረሱ ከ0.3 ማይክሮን ካነሰ ሾልኮ ያልፋል ብለን ነበር። ለካስ 0.3 የተመረጠው ለመያዝ ከሁሉ የሚያስቸግረው መጠን እርሱ ስለ ሆነ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ብናኝ ከማጣሪያው ጭረቶች ጋር ይላተማል። ከዚያ የሚያንሰው ደግሞ በአየሩ ቅንጣቶች እየተገፋ ወዲያና ወዲህ ሲንቀጠቀጥ ከጭረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ደግሞም አየሩ ከላይ ከጣራው ገብቶ በዚያው ረድፍ ከእግር ሥር ስለሚወጣ፥ አምስተኛው ረድፍ የተቀመጠ ሰው ያሳለው ሳል እስከ ሠላሳኛው ረድፍ አይንሸራሸርም። ይህ ሁሉ የትላልቆቹ ጀቶች ነገር ነው፤ ትንንሽ አይሮፕላኖች ሁሉ ይህ ማጣሪያ አላቸው ማለት አይደለም።

ለደጋ ሰው የሚሆን አንድ ነገር በመንገድ እንጨምር። በአይሮፕላን ውስጥ የሚጠበቀው የአየር ግፊት ከ1800 እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ግፊት ጋር የተስተካከለ ነው። የመካነ ሰላም ሰው እቤቱ የሚኖረው ከ2500 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ አይሮፕላን ሲሳፈር ወረደ እንጂ ወጣ አይባልም። አየሩ ግን እጅግ ደረቅ ነው፤ ጉሮሮ የሚከረክረውና የሚያስለው ስለዚህ ነው፤ ጎረቤቱም ያሳለውን ሁሉ በክፉ ዓይን ባያየው መልካም ነው።

እንግዲህ አይሮፕላን ከአደጋ የራቀ ነው ብለን እንዝጋው? አይደለም። የሆነውን እንይ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአላስካ አንድ አይሮፕላን ሞተሩ ተበላሽቶ መሬት ላይ ቆመ። ውስጡ የነበሩት 54 ሰዎች ሲሆኑ፥ አየር ማስገቢያው ጠፍቶ ብዙዎቹ ለሰዓታት እዚያው ቆዩ። አንዲት ኢንፍሉዌንዛ የያዛት መንገደኛ ነበረች። በሦስት ቀን ውስጥ ከመንገደኞቹ ከመቶ 72 እጁ ታመመ። አይሮፕላኑ ቢበር ኖሮ ይህን ያህል ባልታመሙም ነበር፤ ጉዳቱ የመጣው ከመቆሙ ነው። በመጋቢት 1995 ዓ.ም. ከሆንግ ኮንግ ወደ ቤይጂንግ 120 ሰው ይዞ በበረረ አይሮፕላን ላይ ከአንድ የሳርስ በሽተኛ 22 ሰዎች ሳይያዙ አልቀሩም። በየካቲት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከለንደን ወደ ሃኖይ ዐሥር ሰዓት ያህል በፈጀ በረራ፥ አንዲት በቅንጡው ማዕረግ የተሳፈረች የምታስል መንገደኛ ምናልባት 15 ሰዎችን አስይዛለች፤ 12ቱ እዚያው በእርሷ ክፍል የተቀመጡ ነበሩ። ብዙ ገንዘብ የከፈለው ሰው እዚህ ላይ ምን እንዳተረፈ አንባቢ ይፍረድ። በዚያን ጊዜ አፍና አፍንጫ መሸፈን ገና አልታዘዘም ነበር። ሆኖም በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከዱባይ ወደ ኦክላንድ በሄደ አይሮፕላን ላይ፥ አብዛኛው መንገደኛ ሳይሳፈር ተመርምሮና ማስክ እየተሰጠው፥ ቢያንስ አራት ሰዎች በበረራው ላይ ተያዙ። የተያዙት በሽተኛው በነበረበት አካባቢ በአራት ረድፍ ውስጥ የተቀመጡ ናቸው።

ከእነዚህ የምንረዳው ማጣሪያው የሚያጠራው ማጣሪያው ጋ የደረሰውን አየር ብቻ መሆኑን ነው። የጎረቤት ትንፋሽ ማጣሪያው ጋ ከመድረሱ በፊት አንተ ጋ ይደርሳል። ከራስ በላይ ያለችውን ትንሽ የአየር ቀዳዳ መክፈት፥ በመስኮት በኩል ተቀምጦ ያለ ጉዳይ አለመነሣት፥ ምግብ ሲመጣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ማስኩን እንዳያወልቅ ጥቂት መታገሥ የሚጠቅሙት ስለዚህ ነው። ከበረራው የባሰው ደግሞ ሳይሳፈሩ በፊት የሚቆሙት ሰልፍና ካረፉ በኋላ ሁሉም ባንድ ጊዜ ብድግ ብሎ ሻንጣ የሚያወርድበት ሰዓት ነው።

የባሰውንም የባሰ አለ። ከደጎሎ በዓለም ከተማ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን መኪና እናስብ። የወንጭትን ቆላ ሲያቋርጥ እንኳ አንድ ሰው መስኮት ቢከፍት፥ «ዝጋው! ንፋስ ይመታናል!» የሚል ጩኸት ከአምስት ወንበር ይነሣል። በሕይወት ዘመናችን ንፋስ የገደለው ሰው አላየንም፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ግን ያንዱ ሳል የሁሉ ነው፤ ሄፓም የለም፤ በሦስት ደቂቃ የሚለወጥ አየርም የለም። በ2012 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መኪና በግማሽ እንዲጭን ሲታዘዝ ሕዝቡ የተማረረው በታሪፉ ነበር፤ ስለ መስኮቱ ግን የተናገረ አልሰማንም። ከዓረብ አገር የመጣችው ልጅ በእውነት በመንገድ በሽታ ይዛ ቢሆን ኖሮ፥ ከሰማዩ መንገድ ይልቅ የመኪናውን መጠርጠር ይሻል ነበር።

ስለ አየር መንገዱም ጥቂት እንበል። በ2012 ዓ.ም. ሌሎች ብዙ አየር መንገዶች ወደ ቻይና መብረር ሲያቆሙ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አላቆመም፤ በዚህም ከጎረቤት አገሮችም ከአገር ውስጥም ብዙ ወቀሳ ደረሰበት። በበኩላችን ወቀሳው ያለ ምክንያት ነበር አንልም። ነገር ግን መጋቢት 13 ቀን ከቻይናዊው ባለጸጋ ከጃክ ማ የተላከው የመመርመሪያና የመሸፈኛ ዕቃ ቦሌ የደረሰውና ለአፍሪካ አገሮች የተከፋፈለው በዚሁ አየር መንገድ ነው። መንገደኛ ሲጠፋ ወደ 25 የሚሆኑ አይሮፕላኖች ለጭነት ሥራ ዋሉ፤ የአንዳንዶቹም ወንበር ተነቀለ። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሁለት ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺሕ ገደማ ክትባት ቦሌ ሲደርስ የመጣው በአይሮፕላን ነው። «በአይሮፕላን መጣ» ያለው ገበያ ይህንን አልጨመረም።

ከሁሉ ያሳዘነን ግን የተመላሾቹ ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ ሦስት ሺሕ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ቀን ውስጥ ከሳውዲ ዓረቢያ በአይሮፕላን ተባረው ገቡ፤ የተባበሩት መንግሥታት ሰዎች አገሪቱ ለመቀበል እስክትዘጋጅ ማባረሩ ይቁም ብለው ለመኑ። በቤይሩት በዚያው ዓመት በግንቦትና በሰኔ አሠሪዎቻቸው ያስወጧቸው የቤት ሠራተኞች በቆንስላው ደጅ መንገድ ላይ አደሩ። ለእነዚህ ሰዎች የበረራው ሰዓት የጉዟቸው ንጹሑ ክፍል ነበር። ከአይሮፕላኑ በፊት ሰው በሰው ላይ የሚተኛበት እስር ቤት ነበረ፤ ከአይሮፕላኑ በኋላ ለይቶ ማቆያው ነበረ። ገንዘብ ያለው መንገደኛ በሆቴል ዐሥራ አራት ቀን ተቀመጠ። የሌለው ደግሞ ተማሪ በወጣባቸው የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች፥ ዛሬ እኛ በምንተኛባቸው ዓይነት ባለ ፎቅ አልጋዎች ላይ፥ ተኛ።

የዓለም የጤና ድርጅት አስቸኳዩ ጊዜ አለቀ ያለው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። የጎረቤታችን ልጅ ከዚያ በፊት ተመልሳ ሄዳለች። ይህን ለመጻፍ ስናስብ በስልክ ጠይቀናት ነበር። አይሮፕላኑ ላይ ምንም አልፈራሁም አለች፤ መስኮት አጠገብ ነበርኩ፥ ማስኬንም ውሃ ለመጠጣት ብቻ ነው ያወረድኩት አለች። ስለ ቡናው እኛ አላነሣንባትም፤ እርሷ ግን ከበር የተመለሱት ሽማግሌ በሕይወት አሉ ወይ ብላ ጠየቀችን። ደኅና ናቸው አልናት።

«እንግዲያው ስትጨርሱ ለእሳቸው አንብቡላቸው» አለችን።