ኩላሊት ለመቀበል ተራ ስለ መጠበቅ

ሰው በዕድሜው ብዙ ተራ ይጠብቃል። በዳኛ ፊት ለመቆም፣ በወፍጮ ቤት እህል ለማስፈጨት፣ በየመሥሪያ ቤቱም ደጅ ጉዳይ ለማስፈጸም ተራ አለ። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ የምናነሣው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ኩላሊቱ የደከመ ሕመምተኛ የሌላ ሰው ኩላሊት እስኪተከልለት ድረስ ስሙን በመዝገብ አስጽፎ የሚጠብቀው ተራ ነው። በአሜሪካ አገር ልብ፣ ጉበት፣ ሳንባና ኩላሊት ለመቀበል የተመዘገቡ ሰዎች ከ100,000 ይበልጣሉ፤ ከመቶውም ከ80 በላይ የሚሆኑት የሚጠብቁት ኩላሊት ነው። የዚያ አገር መዝገብ ሥራው በሕግ የተወሰነና በግልጽ የሚታወቅ ስለ ሆነ፣ ለዚህ ጽሕፈት ምሳሌ አድርገን የያዝነው እርሱን ነው። ዓመታቱንም ሁሉ የምንቈጥረው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ኩላሊት ደምን የሚያጠራ የሰውነት ክፍል ነው። ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራቸውን ያቆሙበት ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑም አራት ሰዓት ያህል ከመኪና ጋራ ተያይዞ ደሙን ያሳጥባል። ይህ እጥበት ነፍስን ያቆያል እንጂ የጤነኛውን ኩላሊት ሥራ በሙሉ አይተካም። ስለዚህ ሐኪሞች የሌላ ሰው ኩላሊት መትከልን ሲሹ ኖረው፣ ታኅሣሥ ወር 1954 በቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪ ሮናልድ ሔሪክ ከሚባል ጤነኛ ሰው ላይ አንዱን ኩላሊት አስወጥቶ በመንትያ ወንድሙ በሪቻርድ ላይ ተከለ። መንትዮቹ ፍጹም ተመሳሳይ ስለ ነበሩ የታመመው ሰውነት የወንድሙን ሥጋ እንደ ባዕድ አልጣለውም። ሪቻርድ ከሕመሙ ድኖ ያስታመመችውን ነርስ አገባ፤ ሁለት ልጆችም ወልዶ ስምንት ዓመት ኖረ። ከዚህ በኋላ ሰውነት ባዕድ ሥጋን እንዳይጥል የሚያደርጉ መድኃኒቶች ስለ ተገኙ መንትያ ያልሆነም፣ ከሞተ ሰው የተወሰደም ኩላሊት ለመትከል ተቻለ።

ጥበቡ ሲገኝ ግን ሌላ ጥያቄ ተከተለው፤ ፈላጊው ብዙ፣ የሚገኘው ጥቂት ሲሆን ማን ይቅደም? ይህ ጥያቄ አስቀድሞ የተነሣው በተከላው ሳይሆን በእጥበቱ መኪና ነበር። በሲያትል ከተማ ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር በ1960 ሕመምተኛን ደጋግሞ ለማጠብ የሚያስችል መሣሪያ ስላወጣ፣ በ1962 የእጥበት ቤት ተከፈተ። መኪናዎቹ ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ ከሕዝቡ መካከል ሰባት ሰዎች ተመርጠው ሸንጎ ሆኑ። እነርሱም አንድ የወንጌል ሰባኪ፣ አንድ ጠበቃ፣ አንድ የባንክ ሰው፣ አንዲት የቤት እመቤት፣ አንድ የመንግሥት ሹም፣ አንድ የሠራተኞች ማኅበር መሪና አንድ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ። ስማቸው እንዲሰወር ተደረገ። ሐኪሞች ለእጥበት ይሆናሉ ካሏቸው ሕመምተኞች መካከል የሚገባውን የሚመርጡ እነዚህ ሰባቱ ነበሩ። ሲመርጡም ሰውዬው ሚስት አለችውን፣ ስንት ልጆች ያሳድጋል፣ ገቢው ምን ያህል ነው፣ ትምህርቱና ሥራው ምንድር ነው፣ ቤተ ክርስቲያንስ ይሄዳልን እያሉ ይመረምሩ ነበር። ላይፍ የተባለው መጽሔት በዚያው ዓመት ነገሩን በገለጠው ጊዜ ብዙ ሰው ደነገጠ።

እኛ እንደሚመስለን ሰባቱ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ የተጫነባቸው ሸክም ከሰው ትከሻ በላይ ነበረ እንጂ። ነገር ግን ባለ ትዳሩን ከብቸኛው፣ ባለ ደመወዙን ከሥራ ፈቱ እያስበለጡ ነፍስን መመዘን ምን ያህል አስፈሪ እንደ ሆነ፣ በሹመት ወንበር የተቀመጠ አንባቢ ራሱን በዚያ ሸንጎ አስቀምጦ ቢያስበው ይረዳዋል። በ1972 የአሜሪካ መንግሥት የእጥበትን ወጪ ለአብዛኞቹ ሕመምተኞች የሚከፍልበትን ሕግ ስላወጣ መኪናው በረከተ፤ እንዲህ ያለው ሸንጎም አላስፈለገም። ኩላሊት ግን በፋብሪካ አይሠራምና ችግሩ በዚያ በኩል ቀረ።

በ1984 የወጣው ሕግ የሰውን አካል መግዛትና መሸጥ ከለከለ፤ ለአገሩም በሙሉ አንድ የድልድል ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። በዚህ መዝገብ ቀድሞ የተጻፈ ሁልጊዜ ቀድሞ ይቀበላል ማለት አይደለም። አንድ ኩላሊት በተገኘ ቍጥር የሒሳቡ መኪና ተራውን እንደ አዲስ ይደረድረዋል። የደም ዓይነት ይታያል፤ የሥጋው መስማማት ይታያል፤ የቦታው ርቀትና የጠበቀበት ዘመን ይቈጠራል። ልጆች ቅድሚያ አላቸው። ደማቸው የአብዛኛውን ሰው ሥጋ የማይቀበል ሕመምተኞችም የሚስማማቸው ሲገኝ ይቀድማሉ። ከሁሉ ደስ ያሰኘን፣ በጤናው ጊዜ አንድ ኩላሊቱን ለሌላ ሰጥቶ የነበረ ሰው በኋላ ራሱ ቢታመም ቅድሚያ የሚሰጠው መሆኑ ነው። ስለ ሀብትና ስለ ማዕርግ የሚጠይቅ መሥመር በድልድሉ ውስጥ የለም።

ታዲያ ፍርዱ ቀና ከሆነ የሚጐድለው ምንድር ነው? ጕድለቱ ያለው በመዝገቡ ውስጥ ሳይሆን በመግቢያው በር ላይ ነው። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ተራ የለውምና። ለመጻፍ ደግሞ ሐኪሙ በጊዜው ወደ ተከላው ሆስፒታል ሊልከው፣ ልቡና ሳንባው ሊመረመር፣ የመድኃኒቱ ዋጋ በምን እንደሚከፈል ሊታወቅ ያስፈልጋል። ሆስፒታሉም ከቀዶ ጥገናው በኋላ በቤት የሚያስታምመው ሰው እንዳለው ይጠይቃል። ብቻውን የሚኖር ድኻ በዚህ ጥያቄ ላይ ሊቀር ይችላል። ገንዘብ ያለው ግን ከአንድ በላይ በሆኑ ሆስፒታሎች መመዝገብ በደንቡ የተፈቀደ ስለ ሆነ፣ ተራው ወደሚያጥርበት አገር ሊሄድ ይችላል። የአፕል ኩባንያ መሥራች ስቲቭ ጆብስ ኑሮው በካሊፎርኒያ ሳለ በ1992 ሳይሆን በቅርቡ ዘመን፣ በ2009፣ በሩቁ በቴኔሲ ክፍለ አገር በሜምፊስ ከተማ ጉበት ተተክሎለታል። ሕግ አላፈረሰም፤ ነገር ግን ጥሪ ሲመጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይህን ያህል አገር ማቋረጥ የሚችል ሕመምተኛ ስንት ይሆናል?

ከዚህም የሚበልጥ ስውር በደል በቍጥር ውስጥ ተሸሽጎ ኖሯል። ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ ሐኪሞች ከደም ምርመራ በሒሳብ ያወጣሉ። ቍጥሩ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ሕመምተኛው እጥበት ሳይጀምር የጥበቃው ዘመን መቈጠር ይጀምርለታል። ይሁን እንጂ ከ1999 ጀምሮ የተሠራበት የሒሳብ ደንብ ሕመምተኛው ጥቁር ከሆነ ቍጥሩን ከፍ ያደርገው ነበር። ስለዚህ የጥቁሩ ኩላሊት እንደ ሌላው ደክሞ ሳለ በወረቀት ላይ የተሻለ መስሎ ይታያል፤ ተራውም ይዘገያል። በ2022 ይህ ደንብ ለመዝገቡ እንዳይሠራበት ተከለከለ፤ ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶም ሆስፒታሎች የጥቁር ሕመምተኞቻቸውን የቀድሞ ወረቀት እየመረመሩ የጠፋባቸውን ዘመን እንዲመልሱላቸው ታዘዙ። ከ10,000 በላይ ሰዎች ዘመናቸው ተስተካክሎላቸዋል። በዋሽንግተንና በሌላም የአሜሪካ ከተማ የሚኖሩ ኩላሊት ጠባቂ ወገኖቻችን ዘመናቸው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደ ተቈጠረ ሆስፒታላቸውን ቢጠይቁ መብታቸው ነው። እጥበት ከጀመሩ በኋላ ዘግይተው ለተመዘገቡትም ዘመኑ እጥበቱ ከተጀመረበት ቀን እንደሚቈጠር ይወቁ።

ተራውን የሚያሳጥር ሌላ መንገድ ቢኖር ከሕያው ሰው መቀበል ነው፤ ይህ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው። ከሕያው ሰው የተገኘ ኩላሊት ብዙውን ጊዜ ከሞተ ሰው ከተገኘው ረዥም ዘመን ይሠራል። ዘመድ ግን በይሉኝታ ተይዞ እሺ እንዳይል መጠንቀቅ ይገባል። በአሜሪካ ለሰጪው ብቻ የቆመ ጠበቂ ሰው በሆስፒታሉ ይመደብለታል፤ ሰጪው ሐሳቡን ቢለውጥም ሐኪሞቹ ምክንያቱን ለቤተ ሰቡ አይገልጹም። የደም ዓይነት ባይስማማ ደግሞ መለዋወጥ አለ። ባልየው የኤ ዓይነት፣ ሚስቱ የቢ ዓይነት ደም ቢኖራቸውና በሌላ ከተማ ደግሞ የቢ ባል የኤ ሚስት ታማበት ቢጨነቅ፣ ሁለቱ ባሎች ኩላሊታቸውን ለማያውቋቸው ሴቶች ይሰጣሉ፤ የየሚስቶቻቸውም ነፍስ ይተርፋል። አንዱ ተቀብሎ ሌላው እንዳያፈገፍግ ቀዶ ጥገናው ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ይደረጋል።

በአገራችን የኩላሊት ተከላ በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ረዳትነት ሲጀመር፣ ሰጪዎቹ ሕያዋን ዘመዶች ነበሩ። በእንዲህ ያለው ሥራ ሕመምተኛው የሚጠብቀው የመዝገብ ተራ ሳይሆን የወንድም ወይም የእኅት ፈቃድ ነው። ከሞተ ሰው በሚገኘው በኩል ግን የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ከ2003 ጀምሮ የዓይን ብሌን እየተቀበለ ዕውራንን ያበራል። ሰው በሕይወቱ ሳለ ቃል ገብቶ ስሙን ያስጽፋል፤ ብሌኑ ግን የሚወሰደው ከሞተ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነውና ወደ ባንኩ የሚልኩት ቤተ ሰቦቹ ናቸው። ቃሉን ለቤቱ ሳይነግር የሞተ እንደ ሆነ ድንኳን ሲተከልና ለቀስተኛ ሲሰበሰብ ሰዓቱ ያልፋል።