ለከሰረ አየር መንገድ ገዢዎች ለምን ይሻማሉ?

እዚህ መቀሌ ስለ አየር መንገዶች ግዢ ወሬ በተነሳ ቁጥር ወዳጆቼ “ዕዳ የተቆለለበትን ድርጅት ማን ይገዛል?” ይሉኛል። አውሮፕላን በኪራይ ይገኛል፤ የበረራ መብት ግን እንደዚያ አይገኝም። አገሮች በሚፈራረሙት የአየር አገልግሎት ስምምነት መሠረት መብቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ባለቤትነቱና ቁጥጥሩ በዜጎች እጅ ለሆነ ድርጅት ነው። የውጭ ገዢ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ድርሻ የሚይዘው ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2013 ማላዊ ሲገባ አሮጌውን ኤር ማላዊ ከነዕዳው አልተረከበም። በምትኩ በተቋቋመው አዲስ ድርጅት ውስጥ 49 በመቶ ያዘ፤ 51 በመቶው በማላዊ ወገን ቀረ።

የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ጉዳይ ከበድ ያለ ነበር። በ2019 መጨረሻ በኪሳራ አስተዳደር ሥር ሲወድቅ የእኛው አየር መንገድ በአጋርነት ለመግባት ፍላጎት አሳይቶ ነበር። መንግሥት ግን በ2021 ታካትሶ የተባለውን የአገር ውስጥ ጥምረት ለ51 በመቶ ድርሻ መረጠ፤ ሽያጩ በ2024 ተሰረዘ።

ለእኔ ዋናው ጥያቄ ከአሸናፊው ማንነት ይልቅ ለመንገደኛው የሚተርፈው አማራጭ ነው። በጦርነቱ ለ18 ወራት ገደማ ተቋርጦ የነበረው በረራ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲቀጥል፣ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ያረፈው የአንድ አየር መንገድ አውሮፕላን ነበር። ስለዚህ መንግሥታት ድርሻ ሲሸጡ ከዋጋው እኩል ሊደራደሩበት የሚገባው፣ ትርፍ የማያስገኙ ከተሞች በረራ እንዳይቋረጥ የሚያስገድድ አንቀጽ ነው።