የቴሌቪዥን ጣቢያና የዜናው መንገድ

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን አገሩ ሁሉ የሚያየው አንዱን ጣቢያ ብቻ ስለ ነበር፣ የየጠቅላይ ግዛቱ ወሬ የሚታየው ዋናው ከተማ ሲመርጠው ነበር።

በአሜሪካን አገር አሠራሩ ሌላ ነው። የአንድ ከተማ ጣቢያ ኤንቢሲን ወይም ሲቢኤስን ከመሰለ ታላቅ ማሠራጫ ጋራ ውል ይገባል፤ የዓለሙን ዜና ከእርሱ ተቀብሎ የከተማውን ወሬ በገዛ ጋዜጠኞቹ ያዘጋጃል። ውሉ ሲያልቅ ከሌላ ጋራ መዋዋል ይችላል።

በባሕር ዳር የሚገኘው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ግን የክልሉ መንግሥት ድርጅት ነው። ቴሌቪዥኑ በመጀመሪያ የሚታየው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ላይ በተሰጠው ሰዓት ነበር፤ ኋላ የራሱን ሥርጭት በሳተላይት አቆመ። ከአማርኛ ሌላ በኽምጥኛ፣ በአዊኛና በኦሮምኛም ዝግጅት አለው።

ይህ ልዩነት ለአምደወርቅ ነጋዴ ቀላል ነገር አይደለም። የአዲስ አበባው ዜና የዶላሩን ምንዛሪ ይነግረዋል እንጂ፣ የአበርገሌ ፍየል በሰቆጣ ገበያ በስንት እንደ ዋለ አይነግረውም። ማር ይዞ የሚመጣው ባላገርም ብዙውን ጊዜ የሚሰማው በኽምጥኛ ሲነገረው ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ለማስነገር የሚከፍል ሰው፣ ጣቢያው የዋግን ወሬ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በምን ቋንቋና በስንት ሰዓት እንደሚያቀርብ አስቀድሞ ይጠይቅ።