ሕፃኑ ገንፎውን በምላሱ ሲገፋ

ለክትባት ወይም ለቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ወደ ክሊኒካችን ከሚመጡ እናቶች ዘወትር የምንሰማው አንድ ቅሬታ አለ። «ልጄ ምግብ አይወድም፤ ያጎረስኩትን ሁሉ በምላሱ እየገፋ ያወጣዋል» ይላሉ። ከዚህ በኋላ በብዙ ቤት የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። ገንፎው ይቀጥናል። ከቀጠነ በኋላ ጡጦ ውስጥ ይገባል። ጡጦው ከተለመደ ደግሞ ወተት የገባበት ሻይ ይከተላል። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ልጁ ሲመዘን ክብደቱ ባለበት ቆሞ ወይም ቀንሶ ይገኛል።

ሕፃን ሲወለድ የሚያውቀው አንድ የአመጋገብ መንገድ መጥባት ነው። ሲጠባ ምላሱን ወደ ፊት ይገፋል። በማንኪያ የመጣለትንም ገንፎ በዚያው በለመደው መንገድ ስለሚቀበለው ምግቡ ወደ ውጭ ይመለሳል። ይህ እንቢታ አይደለም፤ ገና አለመልመድ ነው። ምግብን ከምላስ ወደ ጉሮሮ ማሳለፍ እንደ መዳህና እንደ መቆም ሁሉ በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው። ለአዲስ ጣዕምም እንዲሁ ጊዜ ይፈልጋል። ዛሬ ፊቱን ያጨማደደበትን ዱባ በስምንተኛው ወይም በአሥረኛው ቀን አፉን ከፍቶ ሊጠብቀው ይችላል። ስለዚህ የወጣውን በማንኪያ ሰብስቦ እንደገና ማቅረብ፣ ካልፈለገም ትቶ በሚቀጥለው ሰዓት መሞከር ነው። አፍንጫ ይዞ ወይም እጅ ጠፍሮ መጋት ግን ልጁ ምግብን እንዲፈራ ከማድረጉም በላይ ሊያንቀው ይችላል።

ምግብ የሚጀመረው 6 ወር ሲሞላ ነው። በዚህ ጉዳይ አያቶች ከእኛ ጋር ሲከራከሩ እንሰማለን፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። እነሱ በወለዱበት ዘመን ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይጀመር የሚለው የባለሙያዎቹም ምክር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን ወደ ሙሉ 6 ወር ያሻሻለው በ1993 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስኳር በውሃም ሆነ የግመል ወተት ለሕፃኑ አያስፈልገውም። ከ6 ወር በኋላ ደግሞ መዘግየት ይጎዳል፤ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የመጣው የብረት ንጥረ ነገር እያለቀ ስለሚሄድ የጡት ወተት ብቻውን አይበቃውም።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ። የ8 ወር ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ ከአንድ የውሃ ብርጭቆ ብዙም አይዝም። ይህች ትንሽ ሆድ በቀጭን ሙቅ ከሞላች ልጁ ጠግቦ ይተኛል፤ የተመገበው ግን በአብዛኛው ውሃ ነው። መለኪያው ቀላል ነው፤ ማንኪያው ዘንበል ሲል ቶሎ የሚፈስ ገንፎ ቀጥኗል። በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህም ሆነ በቶጎ ውጫሌ በየቤቱ የማይጠፋው የማሽላ፣ የበቆሎ ወይም የስንዴ ዱቄት ለመነሻ ይበቃል። ዱቄቱ በወተት ሲሠራና ትንሽ ዘይት ወይም ሱባግ ጠብ ሲልበት ጉልበት ይሰጣል። ከሐረር መንገድ የሚመጣው የባቢሌ ለውዝም ተቆልቶና ልሞ ተፈጭቶ ሲጨመርበት ብዙ ዋጋ ካላቸው የታሸጉ ምግቦች የማያንስ ይሆናል። ሻጋታ የነካውን ወይም የጠቆረውን ለውዝ ለቅሞ መጣል፣ ፍሬውን እንዳለ ደግሞ ለትንሽ ልጅ ፈጽሞ አለመስጠት ይገባል፤ ያንቃል።

ገንፎው ወፍሮ ለሕፃኑ ከከበደው ውሃ ከመጨመር ይልቅ ከገብስ ወይም ከስንዴ ብቅል የተፈጨ ዱቄት አንድ ቁንጥር ጨምሮ እንደገና ማፍላት ጥሩ ዘዴ ነው። ብቅሉ ወፍራሙን ያላላዋል፤ ምግቡ ግን አይቀንስም። ብቅል ሲባል ጠላ ትዝ ብሏቸው የሚሸሹ እናቶች አሉ። እዚህ ላይ የሚብላላ ነገር ስለሌለ አልኮል የለበትም።

በእኛ አካባቢ ሕፃናት ቶሎ ከሚቀምሱት አንዱ በሻይ የራሰ ላሖህ ነው። ላሖሁ ክፉ አይደለም፤ ሻዩ ነው ችግሩ። ሻይ በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳል፤ ስኳሩም የልጁን ፍላጎት ይዘጋል። ያንኑ ላሖህ በፈላ ወተት ወይም ቢስባስና በርበሬ ከመግባቱ በፊት ከድስቱ በተቀዳ የሥጋ መረቅ አርሶ መስጠት ይቻላል። መረቁ ብቻውን ግን ምግብ አይባልም፤ ሥጋው ራሱ፣ የፍየልም ይሁን የግመል፣ ደቆ መግባት አለበት። በሳምንት አንድ ጊዜ ትንሽ የበሰለ ጉበት፣ በሌሎቹ ቀናት በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ የተፈጨ ምስር፣ ስኳር ድንች፣ ካሮት፣ ሙዝ ወይም ፓፓያ እያፈራረቁ ማቅረብ ነው። ማር አንድ ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም።

በጾም ወራት ድስታቸው እንዳይነካካባቸው ብለው ለሕፃኑ እንቁላልና ወተት የሚያቋርጡ የክርስቲያን እናቶች አሉ። ለልጁ የተለየች ትንሽ ድስትና ማንኪያ ብትኖር ችግሩ ይወገዳል። በረመዳንም ቤቱ ቀን ምድጃ ሳይለኩስ ሲውል ሕፃኑ የሌሊት ተራፊ እየበላ እንዳይውል ትኩስ ነገር ለእሱ ብቻ መሥራት ያስፈልጋል።

በመጠን ረገድ ከሁለትና ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ተጀምሮ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይሰጣል፤ ቀስ በቀስም እስከ ግማሽ የውሃ ብርጭቆ ይደርሳል። ከ9 ወር ጀምሮ ያው ግማሽ ብርጭቆ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ዓመት ካለፈው በኋላም በየጊዜው ከግማሽ በላይ እስከ ሙሉ ብርጭቆ ይሆናል። ጡቱ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ከወንድምና ከእህቶቹ ጋር ከአንድ ሰሃን ሲበላ ምን ያህል እንደደረሰው ስለማይታወቅ የራሱ ሳህን ይኑረው። እናት ማለዳ ወደ ገበያ ስትወጣ የምታበላው ብዙውን ጊዜ ታላቅ እህት ወይም አዬዮ ናት። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለእነሱም አንብቡላቸው፤ ማንኪያው በእነሱ እጅ ነውና።

ስለ ወተትና ውሃ ሳላሳስብ አላልፍም። የግመል ወተት ሳይፈላ መጠጣት በአካባቢያችን የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስንና ሌሎች በሽታዎችን ስለሚያስተላልፍ ለሕፃን የግድ ይፈላ። የቤተሰቡን ሻይ ለማንጫ የሚገዛው የዱቄት ወተትም ለጨቅላ ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም፤ የጡትን ቦታ አይተካም። ውሃ በቦቴ በሚመጣበት ወይም ከብርካ በሚቀዳበት ሰፈር ጡጦን በንጽሕና መያዝ እጅግ ከባድ ነው፤ የጡጦ ጫፍ ውስጥ የቀረች ጠብታ ወተት ለተቅማጥ ትበቃለች። በቀላሉ የሚታጠብ ስኒ ይሻላል። ገንፎ ከተሠራ በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ተቅማጥ ከያዘውም ምግቡና ጡቱ አይቋረጥ፤ ከጤና ተቋም ኦ.አር.ኤስ.ና ዚንክ ይወሰድለት።

ፕላምፒ ነትን ለምግብ ማስጀመሪያ የሚገዙ አሉ። እሱ ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናት በባለሙያ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፤ ለጤነኛ ልጅ አይደለም፤ ከታዘዘለትም ልጅ ላይ ለሌሎች ሊካፈል አይገባም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም ስለ እናት ነው። ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ድረስ ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ የምታጠባ፣ የወር አበባዋም ያልተመለሰ እናት፣ ማጥባቷ ራሱ ከእርግዝና ይጠብቃታል፤ ከ100 እናቶች 98 ያህሉ አያረግዙም። ምግብ ሲጀመር ግን ልጁ የሚጠባበት ጊዜ ይቀንሳል፣ መከላከያውም በዚያው ይላላል። የወር አበባ ሳይታይ ማርገዝም ይቻላል፤ «ገና አላየሁም» ብለው ተዘናግተው በዚህ መንገድ ያረገዙ እናቶች ወደ እኛ ይመጣሉ። እርግዝናው ሲመጣ ብዙዎች ጡቱን ያቋርጣሉ፤ ገና ማንኪያ የሚለምደው ልጅም ሁለቱንም ያጣል። በቁርኣንም ለማጥባት የተመለከተው ጊዜ ሁለት ሙሉ ዓመት መሆኑን የሃይማኖት አባቶች ሲያስተምሩ ሰምታችሁ ይሆናል። ለእናቲቱም ጤና ከወለደች በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየት ይመከራል።

በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀመጠው፣ በየ3 ወሩ የሚወሰደው መርፌና ማኅፀን ውስጥ የሚገባው ሉፕ ለምታጠባ እናት የሚስማሙና ወተት የማያደርቁ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ገንፎ በምትሠሩበት ሳምንት፣ የ9 ወሩን የኩፍኝ ክትባት ሳትጠብቁ፣ ብትችሉ ከባለቤታችሁ ጋር ወደ ክሊኒኩ ብቅ በሉ። ልጁንም ይዛችሁ ኑ፤ እግረ መንገዱን ይመዘናል።